የት ደረሱ?
ከአቀስታና ከመካነ ሰላም መንገድ የወጡ ተማሪዎች ወሬ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አቀስታ የሚገቡት የእግር መንገዶች በተማሪ ይሞላሉ። ቅዳሜን ቤተሰብ ዘንድ ውለው አድረው፣ በማግስቱ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ወደ ኪራይ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው። የገብስ ዳቦ፣ በሶ፣ ድንች፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ወጥ በተራ ይሠራሉ፤ የአካባቢው፣ የለጋምቦ ደጋ ብርድ ሲጠና ጋቢ ደርበው፣ ተጠጋግተው ያጠናሉ። ወደ ምዕራብ ወርደው መካነ ሰላም ቢደርሱም የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ የሚለወጠው የስንቁ ዓይነት ብቻ ነው። ደጋው ገብስ ይሰጣል፣ ዝቅ ሲሉ ጤፍና ማሽላ ይጨመርበታል።

ከእነሱ በፊት በዚሁ መንገድ ተመላልሰው የተማሩትስ? ጥያቄውን ለወላጅ ቢያቀርቡለት መልሱ አይጠፋም። አንዱ ደሴ መምህር ነው፣ አንዷ ኮምቦልቻ ነርስ ናት፣ አንዱ አዲስ አበባ «ትልቅ ቦታ» አለ፣ አንዷ ጅዳ ናት፤ ገንዘብ ትልካለች። ወሬው በስልክ፣ በለቅሶና በሠርግ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ግን አይሰማውም። በሪከርድ ክፍል ያለው ሮስተር የተማሪውን ስም ከነውጤቱ ይይዛል፣ ልጁ ትራንስክሪፕቱን በወሰደ ዕለት ግን መዝገቡ ዝም ይላል። ስለዚህ «ትምህርት ቤታችን እነማንን አፈራ?» የሚለው ጥያቄ በምረቃ በዓል ላይ ሲነሳ የሚመለሰው ከትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ይመርጣል፤ ሹመት ያገኘውን ያስቀድማል፣ የተጣላውን ይዘላል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ሁለት ሰዎች ከተዘለሉት ወገን ናቸው። በመካከላቸው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለ፤ ሁለቱም ግን ከዚሁ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ አገር ወጥተው ሩቅ የተሰሙ፣ ሁለቱም አገራቸው እንዴት እንደሚቀበላቸው ግራ የተጋባባቸው ተማሪዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ሲወለድ ወሎ ገና ወሎ አልተባለም ነበር። ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ደጋ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ነገሥታት የሚመላለሱበትና የሚቀበሩበት፣ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሞሉበት አገር። ከእነዚያ አንዱ መካነ ሥላሴ ነው። አፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል አስጨረሱት። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቶት ጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ሲያቃጥለው ደግሞ የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ሕንፃው ወርቅና ጌጥ በመደነቅ ተረከ። አንድን ሕንፃ ወዳጅም ባላጋራም ተደንቆ ሲጽፍለት መቼም ያለ ምክንያት አይደለም።

ቃጠሎው ካለፈ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1595 ገደማ፣ በዚያው በመካነ ሥላሴ አንድ ልጅ ተወለደ። በኋላ አባ ጎርጎርዮስ የተባለው ነው። ፊደል የቆጠረበትን ደብር የሚናገር ሰነድ ባይኖርም፣ በእጁ የጻፋቸው የግዕዝ ደብዳቤዎች ከማን ወገን እንደሆነ ይናገራሉ። ሕንፃው ቢፈርስም ትምህርቱ አልፈረሰም ነበር ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠባዩ እንደዚያ ነው፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት ሲባል ቤቱ ግድግዳ ሳይሆን መምህሩ ነው። መምህሩ የተቀመጠበት ዛፍ ሥር ትምህርት ቤት ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ መምህሩ ከሞቱበት ወደ ሌላ ደብር ይሻገራል። ዛሬ እሑድ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ከሚገባው ተማሪ ጋር ባይገናኝም መንገዱ አንድ ነው።

ጎርጎርዮስ ያደገው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ከተቀበሉት አንዱ እሱ ሆነ፤ ከአውሮፓ ለመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ለኢየሱሳውያኑና ለፓትርያርካቸው ለአፎንሶ ሜንዴዝ ቅርብ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1632 ነገሩ ተገለበጠ፤ አፄ ፋሲለደስ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት መለሱ፣ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ጎርጎርዮስ አብሮ ተሰደደ። ሕንድ ደረሰ፤ ከዚያም ሮም። በሮም፣ በቫቲካን ጥግ፣ ከጥንት ጀምሮ ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤት ነበር፤ እዚያ ገባ።

እዚህ ላይ ጀርመናዊው ይመጣል። ሂዮብ ሉዶልፍ በኤርፉርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1624 የተወለደ፣ ቋንቋ መማር ሱስ የሆነበት ወጣት ነበር። ግዕዝን በአውሮፓ ከተገኙ ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ብቻውን እየታገለ ተምሯል፤ በአፉ የሚያስተምረው ሰው አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1649 ለሌላ ጉዳይ ሮም ሲላክ ቅዱስ እስጢፋኖስ ድረስ ሄዶ ኢትዮጵያውያኑን አገኛቸው። ቋንቋችሁን አስተምሩኝ አላቸው። ይህ እዚያው ኢትዮጵያ ካልሆነ አይሆንም አሉት። መጽሐፍ አምጥተው አስነበቡት፤ አነባበቡን ሰምተው ሳቁ። ትርጓሜውን ሲነግራቸው ግን ሳቁ ቀረ። ሉዶልፍ ይህን ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ተርኮታል፤ የተሳቀበትን አለመደበቁ ደስ ይለኛል።

ከመነኮሳቱ ሁሉ የተማረው ጎርጎርዮስ መሆኑን ወዲያው አወቀ። ችግሩ የጋራ ቋንቋ ማጣት ነበር። ጎርጎርዮስ ላቲን አያውቅም፣ ሉዶልፍ አማርኛ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ከፖርቱጋላዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው አንቶኒዮ ዲአንድራዴ አስተረጎመላቸው፤ እየቆየ ግን ሁለቱ በግዕዝ መነጋገርና መጻጻፍ ጀመሩ። ግዕዝ በዚያ ዘመን ለማንም የእናት አፍ አልነበረም። አንዱ ከመጽሐፍ ቤት፣ ሌላው ከቤተ መጻሕፍት ያመጣውን ቋንቋ መሐል ላይ አገናኙት።

እ.ኤ.አ. በ1652 ነገሩ ወደ ጀርመን ዞረ። የሳክሰ-ጎታ መስፍን ኤርነስት ስለ ኢትዮጵያ ከዐይን ምስክር መስማት ፈለጉና ጎርጎርዮስን ጋበዙት። አባ ጎርጎርዮስ በዚያ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ፣ በጎታ ከተማ ፍሪደንሽታይን በተባለው ቤተ መንግሥት ተቀመጠ፤ ሕንፃው ራሱ ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ጀርመን ከሠላሳው ዓመት ጦርነት ከወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ መንደሮቿ ባዶ፣ እርሻዋ ጭንጫ። እንግዳው ከተቃጠለ ደብር አገር መጥቶ የተቃጠለ አገር አየ።

አንድ ነገር እዚህ ጣልቃ ላግባ። እኚህ መስፍን ኤርነስት በታሪክ የሚታወቁት በጸሎተኛነታቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1642 በግዛታቸው ሁሉ ወንድም ሴትም ልጅ ትምህርት ቤት እንዲሄድ የሚያስገድድ ደንብ አውጥተዋል፤ በአውሮፓ ከቀደሙት የግዴታ ትምህርት ደንቦች አንዱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ሰው የገበሬ ልጅ በሕግ ተገድዶ በሚማርበት አገር ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። በአእምሮው ምን እንደተመላለሰ ባውቅ ብዙ እሰጥ ነበር።

በጎታ ሉዶልፍ ጠያቂ፣ ጎርጎርዮስ መላሽ ሆኑ። የዓባይ አካሄድ፣ የአገሩ ክረምት፣ አውሬው፣ አዝመራው፣ የነገሥታቱ ሥርዓት፣ የጾሙ አቆጣጠር። ከዚያም ቃላት። ግዕዙ ሉዶልፍ ዘንድ ነበር፤ አማርኛውን ያመጣው ጎርጎርዮስ ነው። እንጀራ የሚበላበት፣ በሬ የሚነዳበት፣ ልጅ የሚቆጡበት የቤተ አምሐራ አማርኛ። ሉዶልፍ ሁሉንም መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1681 «የኢትዮጵያ ታሪክ» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፉን በላቲን አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ-ላቲን መዝገበ ቃላት አወጣ። አማርኛ በታተመ መዝገበ ቃላት ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው የትምህርት ዘርፍ አባቱ ሉዶልፍ ነው ይባላል፤ አባት ከተባለ ደግሞ መምህሩም ይጠራ። ሉዶልፍ ራሱ አልካደም፤ ጎርጎርዮስን በስሙ እየጠራ አመስግኗል፣ ምስሉንም በመዳብ አስቀርጾ በመጽሐፉ አውጥቶለታል።

መምህሩ ግን መጽሐፎቹን አላያቸውም። ከጎታ ወደ ሮም ተመለሰ፣ ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ መጻጻፉን ቀጠለ፣ በመጨረሻም አገሩ አማረው። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ሶርያ ጠረፍ፣ እስክንድሮና አጠገብ፣ መርከቧ ተሰበረችና ሰጠመ። ከቤተ አምሐራ ከወጣ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ለምን አገሩ ረሳው? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ካቶሊክ ሆኖ ወጥቷል፤ ያ ዘመን በደም የተዘጋ ምዕራፍ ስለሆነ ማንም ሊያነሳው አልወደደም። ሁለተኛው ብዙ አይወራም። ጎርጎርዮስ በሕይወት ሳለ አገሩ ራሱ እየተለወጠ ነበር። ኦሮሞዎች ከደቡብ መጥተው በደጋው ሰፈሩ፤ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ፣ ቦረና የሚሉት ስሞች የእነሱ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ እስልምና ሰፋ፤ ቤተ አምሐራ የሚለው ስም ከአፍ ጠፍቶ ወሎ ተተካ። ሉዶልፍ ካርታ ላይ «አምሐራ» ብሎ የጻፈውን አገር ዛሬ የሚፈልግ ተማሪ ጣቱን የሚያሳርፈው እነ አቀስታ፣ እነ ከላላ፣ እነ መካነ ሰላም አካባቢ ነው። ስም ሲለወጥ የቀድሞው ተማሪ ወሬ የሚደርስበት አድራሻ አብሮ ጠፋ።

ትምህርቱስ? ተጨመረበት እንጂ አልተቋረጠም። ከቆሎ ተማሪው ጎን ደረሳው መጣ። በወሎ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ፣ ገታ የተባሉት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ከሩቅ አገር ደረሳ ይስቡ ነበር፤ የወሎ እስልምና ታሪክ አጥኚው ሟቹ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዘመን ወሎ ላይ በጻፉት መጽሐፍ እነዚህን ማዕከላት ለዓለም አስተዋውቀዋል። ደረሳውም እንደ ቆሎ ተማሪው ከሼሁ ወደ ሼሁ ይዞራል፣ ሕዝቡ ያበላዋል፣ የጨረሰው ኪታብ እንጂ የቆየበት ዓመት አይቆጠርለትም። የዚህ ትምህርት ፍሬ በ1961 ዓ.ም. በግልጽ ታየ፤ ቅዱስ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ታተመ። ከተርጓሚዎቹ የወሎዎቹ ሊቃውንት ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሐጅ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ ይገኙባቸዋል። አማርኛን በላቲን ያስተረጎመው መነኩሴና ዐረብኛውን በአማርኛ ያነበቡት ሐጆች የአንድ አገር ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ሰው ዋለልኝ መኮንን ነው፤ ትውልዱ ከሳይንትና ከቦረና ወገን ነው። በእሱ ዘመን የዚህ አገር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ ደሴ መውጣት ነበረበት። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ጠቅላይ ግዛት የሚኮራበት አንድ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ሐረር መድኃኔ ዓለም፣ መቐለ አፄ ዮሐንስ፣ ደሴ ወይዘሮ ስኂን። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በእሳቸው ስም በተጠራው ትምህርት ቤት ከየአውራጃው የመጣ የገበሬ ልጅና የደሴ ነጋዴ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ዋለልኝ ከዚያ አልፎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። አማራ ሆኖ ሳለ፣ ኢትዮጵያዊነት ተብሎ የሚቀርበው ነገር በአማራና በተወሰነ ደረጃ በትግሬ የበላይነት የተቀረጸ ነው ሲል ጻፈ። በጥቂት ገጽ እንዲያ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ የጫረ የተማሪ ጽሑፍ በአገራችን ሌላ አላውቅም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ከማርታ መብራህቱና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር አየር ላይ ተገደለ። ከሰባቱ ጠላፊዎች የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት። ልክ በሃያ ሁለተኛ ዓመቱ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ የብሔር ብሔረሰቦችን መብት እስከ መገንጠል የሚደነግገው ሕገ መንግሥት ጸደቀ።

ወንበዴ ነው የሚሉት አሉ፣ ሰማዕት ነው የሚሉት አሉ፣ የአገር መከራ ሁሉ ከእሱ ብዕር ወጣ የሚሉም አሉ። እኔ በበኩሌ ሁለት ነገር እለያለሁ። ሰላማዊ መንገደኛ በተሳፈረበት አውሮፕላን ቦምብ ይዞ መግባት አያስመሰግንም። ጽሑፉ ግን የተማሪ ጽሑፍ ነው፤ ተማሪ ደግሞ የሚጠየቀው እንዲያስብ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ትልልቅ ሰዎች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ጥያቄ ላይ ተቀምጠው መቅረታቸው የልጁ ጥፋት አይመስለኝም።

ስለ ዛሬው ተማሪ ሲወራ ቁጥሩ ያስደነግጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ተፈትነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፤ 3.2 በመቶ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ስለጀመረ የገጠር ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚያየው ለመፈተን በሄደበት ነው፤ ለብዙው ደግሞ ያየው ያኔ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን አልፎ ነበር፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠር ተማሪ ከክፍል ውጭ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ሮስተሩ ሲሳሳ ግማሹ ታሪክ የት እንዳለ ደጋው ያውቃል። በበልግ የሚያድር አገር ነው፤ በልግ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚታጠፈው የልጅ ደብተር ነው። ሴቶቹ ስምንተኛም አሥረኛም ላይ ጥለው ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ፤ ደቡብ ወሎ በዚህ ከሚታወቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመላሾቹ መካከል የዚህ ዞን ልጆች ብዙ ነበሩ። እነዚህም የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። የቆርቆሮ ቤት ያቆሙ፣ የታናሽ ወንድም የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ የሚገባውን ተማሪ ያቆዩት እነሱ ሆነው ሳለ በምረቃ ንግግር ስማቸው ሲነሳ አልሰማሁም።

በሌላ ወገን አንድ አዲስ ነገር አለ። አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት 11 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። ለዘመናት ተማሪ የሚሸኝ አገር ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ ከሲዳማ፣ ከወለጋ፣ ከአዲስ አበባ የተመደበ ልጅ ደንቆሮ ጫካን እያየ ይማራል። ለእነዚህ ልጆች የታሪክ ትምህርት ከጎታ ሳይሆን ከግቢው በር ቢጀምርላቸው ጥሩ ነው።

ለዚያ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ቀድሞ የሚታሰበው ወንበርና ኮምፒውተር ነው፤ ይታሰብ፣ ይጎድላልና። ከጎኑ ግን አንድ ወፍራም ደብተር ይገዛ፤ የወጣ ሁሉ የደረሰበት ይጻፍበት፣ የነርሷም፣ የሾፌሩም፣ የጅዳዋም። የአባ ጎርጎርዮስ የመዳብ ምስል የማንም ንብረት አይደለም፤ በኮምፒውተር አውርዶ፣ አትሞ ርእሰ መምህሩ ቢሮ መስቀል ይቻላል። አጠገቡ ዋለልኝ ይሰቀል ወይስ አይሰቀል የሚለው ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ይቅረብ። ክርክሩ አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃውም፤ የታሪክ መምህሩ ሁለት ይያዝ።